የዳኛውና የይግባኝ ወረቀቶች

ሰኞ፤ 97 ቀን ቀረ

ዛሬ ደም ሰጡ። ዳኛው እንደ ስሙ ነው፤ እግሩን ለሐኪሙ ዘርግቶ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ጨረሰ። ይግባኝ ግን መርፌው ከመሳቢያ ሳይወጣ ክሊኒኩን በጩኸት ቀወጠችው። ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ ስም ሲያወጣ ተሳስቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የችሎት አስተናባሪ ሆኖ "ተነሱ፣ ተቀመጡ" ሲል ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሁለት ቡችላ በካርቶን ይዞልኝ መጣና "ይሄ ዝምተኛው ዳኛው፣ ይቺ የማትረካዋ ይግባኝ" አለኝ። "ወይ ጉድ፣ ፍርድ ቤቱን ቤት ድረስ ይዘኸው መጣህ?" ብዬ ስቄበት ነበር። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

አምና ሲያርፍ የመጨረሻ ቃሉ "ውሾቹን አደራ" ነበር። ለሌላ ለማን ይላል፤ እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ሐኪሙ ሕጉን አስረዳኝ። ታናሽ እህቴ ያለችበት አገር ውሻ የሚያስገባው ክትባቱ መሥራቱ የሚመረመርበት ደም ከተወሰደ ዘጠና ቀን ሲሞላ ነው። የእኔ መግቢያ ፈቃድ የሚያበቃው ደግሞ ከዛሬ ዘጠና ሰባት ቀን በኋላ። ሰባት ቀን ትርፍ አለኝ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ በቀነ ቀጠሮ ተሳስቼ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን ወደ ታች እየቆጠርኩ እጽፋለሁ።

ረቡዕ፤ 95

የክትባት ደብተሮቻቸውን አይቼ አፈርኩ። ይግባኝ የሁለቱንም ጠርዝ አኝካዋለች፣ ሻይ ፈስሶባቸዋል፣ የሐኪሙን ጽሑፍ ደግሞ ራሱ ሐኪሙም አያነበው። እንዲህ ያለ ሰነድ ይዤ ሹም ፊት ልቀርብ? ኧረ ወዲያ!

ከክሊኒኩ ሁለት ባዶ ደብተር ለምኜ አምጥቼ ነበር። ከሰዓቱን በሙሉ ተቀምጬ ገለበጥኩት፤ የአራት ዓመቱን ክትባት ከነቀኑ፣ ከቆዳቸው ሥር የተቀበረውን የመለያ ቺፕ ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ቁጥር ሳይቀር። ያቺ ከጠርሙሱ ተልጣ የምትለጠፍ ብጫቂ ወረቀት ግማሿ ተነስቶ ነበር፤ በአጉሊ መነጽር ቁጥሯን አወጣሁት። ከዚያ መስመር በመስመር አመሳከርኩ። አንድ ስህተት የለም።

በመዝገብ ቤት ደንብ ንጹሕ ግልባጭ ከተመሳከረ በኋላ ረቂቁ ይወገዳል፤ ሁለት ሰነድ ካለ አንዱ ሌላውን ይከሳልና። አሮጌዎቹን አራት ቦታ ቀድጄ ከቆሻሻው ጋር አወጣኋቸው። ደስ ብሎኝ አመሸሁ።

ዓርብ፤ 93

የክሊኒኩ መዝጋቢ ማህተሙን በክር አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥለው በልቤ ባለማህተሟ ነው የምላት። አርባ ዓመት ያለፋት የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ለደንበኛ ሁሉ ከወንበሯ ትነሳለች። አዲሶቹን ደብተሮች ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ "እማማ፣ ይሄማ በማሽን የተጻፈ ነው የሚመስለው!" አለች። ከዚያ ቀና ብላ "አሮጌዎቹስ?" አለች።

"ተያቸው፣ የማይረቡ ነበሩ" አልኳት።

ወረፋው ረጅም ነበር፤ ከኋላዬ ድመት ያቀፈ ሰውዬ ያጉረመርማል። ማህተሙን መታችልኝ። ለእኔ ክብር ብላ ነው።

እሑድ፤ 84

የማጓጓዣ ሳጥኖቹ መጡ። ውሾቹ አስቀድመው ይልመዱት፣ ሲገቡ የሚሰሙት አንድ ቃልም ይኑራቸው ተብሏል። እኔ የመረጥኩት "እንሂድ" ነው። ቁራሽ ሥጋ እይዝና "እንሂድ!" ዳኛው ገና በመጀመሪያው ቀን ገባው። ቃሉን ሲሰማ ከተኛበት ተነስቶ ይገባል፣ ዞሮ ይተኛል፣ አገጩን እግሩ ላይ ያሳርፋል። ይግባኝ ሥጋዋን ትወስድና ትወጣለች። ያለ ጉቦ አንድ ነገር አትሠራም።

ጎረቤቴ ጡረተኛው ሹፌር በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "እኔ በዕድሜዬ አውሮፕላን ሳልሳፈር ውሾችሽ ቀደሙኝ" አለኝ።

"አንተም ጩኽ፣ ሳጥን ይገዛልህ ይሆናል" አልኩት።

ማክሰኞ፤ 75

የደሙ ውጤት መጣ። ሁለቱም አልፈዋል! ባለማህተሟ ደውላ ነገረችኝ፤ ድምፅዋ ከእኔ በላይ ደስ ብሎታል። እህቴም ደወለች። "እትዬ፣ ክፍልሽን ቀባነው" አለች። ስለ እኔ ክፍል ያን ያህል አልሰማኋትም፤ ጓሮው አጥር አለው ወይ ብዬ ነው የጠየቅኋት። አለው።

እኔ ለራሴ መሄዱን ብዙም አልፈልገው። ግን ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ብሏል፣ አከራዩም ቤቱን ሊያፈርሰው ነው። ከእነሱ ጋር ከሆንኩ የትም እኖራለሁ።

ሰኞ፤ 62

አልተቀበሉትም። ማታ እጽፈዋለሁ።

ማታ

ለውሾቹ የመውጫ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሹም መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ፋይሌን ሲያይ "እንዲህ የተደራጀ አይቼ አላውቅም" አለ። እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁ። ከዚያ ደብተሮቹ ላይ ቆመ።

"እናቴ፣ ተለጣፊው የታል?"

"የቱ ተለጣፊ?"

"የክትባቱ። ከጠርሙሱ ተልጦ የሚለጠፈው።"

"ቁጥሩ ተጽፏል እኮ፤ ያንብቡት።"

"ቁጥርማ እኔም እጽፋለሁ" አለ። ገጾቹን አገላበጠ። "የአራት ዓመት ክትባት በአንድ እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ? ይሄን ማን ነው የጻፈው? ባለቤቱ ከሆነ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ውሾቹ ይሰረዛሉ፤ ዳግመኛ ማመልከት የለም።"

የወንድሜ ፊት መጣብኝ። ያን ጊዜ ነው አፌ የራሱን ሥራ የሠራው። "ክሊኒኩ ነው" አልኩ። "ዋናዎቹ እነሱ እጅ ጠፍተው ነው በዚህ የተኩልኝ።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያው ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ደብዳቤ ይጻፉልዎ። ክትባቱ ግን እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ የደሙም ውጤት ወደቀ" አለኝ። እንደገና ክትባት፣ ከዚያ ሠላሳ ቀን፣ ከዚያ ደም፣ ከዚያ ዘጠና ቀን። መቶ ሃያ። እኔ ያለኝ ስልሳ ሁለት።

ውሸት አልዋሸሁም። ደብተሮቹ በእርግጥ የሉም። ማህተሙም በእርግጥ የክሊኒኩ ነው። እንዲያው በድንጋጤ ነው እንጂ እኔ ሰው ላይ ጥፋት የማላክክ ሴት አይደለሁም። መዝገብ ቤት ያሉ ሁሉ ይመሰክሩልኛል።

ማክሰኞ፤ 61

ሐኪሙ ደብዳቤውን ለመጻፍ ባለማህተሟን አስጠራት። እኔ ወንበሩ ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

"የእነ ዳኛውን ደብተር የት ጣልሽው?"

አንድ ጊዜ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ መሬቱን እያየች "ከእኔ እጅ ጠፍቶ ይሆናል፣ ዶክተር" አለች።

"ይሆናል? የሰው ጉዞ ተሰናክሎ ይሆናል?" ጮኸባት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፣ ማህተሙንም ከአንገቷ አስወለቃት። ክሩ ፀጉሯ ላይ ተያዘና እስክታላቅቀው ድረስ ሁላችንም ጠበቅን።

ለምን እንደዚያ እንዳለች አልገባኝም። ደንበኛ ይበዛባቸዋል፤ ምናልባት አታስታውስ ይሆናል።

ሐሙስ፤ 59

እንደገና ተከተቡ። ተለጣፊው ተለጠፈ፤ ሦስት ጊዜ በጣቴ ነካሁት። ባለማህተሟ ከጓሮ የውሾቹን ማደሪያ ታጥባለች፤ የጎማ ቦቲ አድርጋ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። "ደህና ዋልሽ?" አልኳት። "ደህና ዋሉ እማማ፤ ይግባኝ ዛሬስ ጮኸች?" አለችኝ። ሌላ ምን ልበላት? "ጮኸች" ብያት አለፍኩ።

ቅዳሜ፤ 50

ውሾቹን ቀናቸው እስኪሞላ የሚያቆይልኝ ሰው ስፈልግ ሳምንት አለፈ። ሐኪሙ የሚያውቀው የውሻ ማቆያ ሞልቷል። ሁለተኛው "ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ አንቀበልም፣ ይሞትብናል" አለኝ። ይሞትብናል! ዳኛው አጠገቤ ቆሞ እየሰማ።

ጎረቤቴ ሹፌሩም የራሱን ጨመረ። "ሐኪሙ አንዲት መርፌ አለችው፤ አያማቸውም" አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያዘነልኝ መስሎት ነው። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁበት። በኋላ በአጥሩ ላይ "ይቅር በይኝ" ሲል ሰማሁት፤ አልመለስኩለትም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ አልቸኮልኩም እኮ! ተጠንቅቄ፣ አመሳክሬ ነው ያፈሰስኩት። ለቅሜም አልጨርሰው።

እሑድ፤ 42

ፈቃዱ ይራዘምልኝ እንደሆነ እህቴን አስጠየቅኋት። አይራዘምም፤ ካለፈ እንደገና ለማመልከት ዓመታት ይፈጃል። "እትዬ፣ ውሾች ናቸው እኮ" አለች በለሰለሰ ድምፅ። ከኋላዋ ባሏ "ሰው ልናመጣ ነው ወይስ ውሻ?" ሲል ሰማሁ። ስልኩን በእጇ ሸፈነችው፤ ግን ዘግይታለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

"ክሊኒኩን ክሰሻቸው!" አለችኝ ደግሞ። "አንቺ ሕግ ታውቂያለሽ። ያቺን ዝርክርክ ሴትዮ አትለቂያት።"

"እሺ" አልኳት። እሺ! አፈር ልብላ።

ዓርብ፤ 30

ዳኛው ያስለዋል። ሐኪሙ አዳመጠውና ልቡ ሰፍቷል አለ። ክኒን፣ ጠዋትና ማታ። አውሮፕላን ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። "አሁን ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ ግን አላውቅም" አለ። በጊዜው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ማለቱ ነው። አላለውም፤ እኔ ነኝ ያልኩት፣ በሆዴ።

ቅዳሜ፤ 29

ደም ሰጡ። ሁለተኛው ዘጠና ቀን ዛሬ ጀመረ። ያ ቀን ሲሞላ የእኔ ፈቃድ ካበቃ ስልሳ አንድ ቀን ይሆነዋል። ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ ቁጥሩ እምቢ አለ።

ረቡዕ፤ 18

ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ባለማህተሟ ናት፤ በጎማ ቦቲዋ፣ ከሥራ በቀጥታ። አልቀመጥም አለች። ይግባኝ ጮኸችባትና ሽታዋን ስታውቅ ተወች።

"እርስዎ ማቆያ እንዳጡ ዶክተሩ ሲናገር ሰማሁ" አለች። "እኔ ግቢ አለኝ። ልጆቼም ውሻ ይወዳሉ። ቀኑ ሲሞላ ወረቀቱን እኔው አስጨርሼ አውሮፕላን ማረፊያ አደርሳቸዋለሁ። ካመኑኝ ነው እንግዲህ።"

ካመኑኝ አለች። እኔን።

አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ነው። ከሄደች በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይቺን ሴት ከወንበሯ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። ደብተሮቹን የገለበጥኩት እኔ፣ የቀደድኩት እኔ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ የዋሸሁት እኔ። ክሊኒኩ ምንም አላጠፋም። አርባ አራት ቀን ሙሉ ከገዛ ማስታወሻዬ ደበቅሁት።

ሐሙስ፤ 10

ዛሬ ቤቷ ሄድኩ። ሦስት ወረቀት ጽፌ ነበር። አንደኛው ውክልና። ሁለተኛው የውሾቹ አያያዝ፣ ዘጠኝ ገጽ፤ ዳኛው ክኒኑን የሚውጠው በምን እንደሆነ፣ ይግባኝ መብረቅ ስትሰማ የት እንደምትደበቅ። ሦስተኛው የእምነት ቃሌ፣ ከነፊርማዬ፤ ለሐኪሙና ለሹሙ። እሷ ካነበበችው በኋላ ራሷ እንድታስገባው።

ቆማ አነበበችው። ፊቷ አልተለወጠም። ሲያልቅ ሁለት ቦታ ቀደደችው፣ ደርባ አራት ቦታ።

"ምን ሆነሻል?" አልኩ።

"እማማ፣ ይሄ ፋይል ውስጥ ከገባ ውሾቹ አለቀላቸው። ይሰረዛሉ። ሹሙ ራሱ ነግሮዎት የለ?"

"አውቀሽ ነበር እንዴ?"

"ማህተሙን ስመታ ነው ያወቅሁት። የእርስዎን ጽሑፍ ማን ይስታል? እኔም አሮጌዎቹን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም።" ብጫቂውን በእጇ ጨብጣ ቆየች። "ዶክተሩ ሲጠይቀኝ አሰብኩት። እርስዎ ጻፉት ብል ይሰረዛሉ። እኔ ጣልኩት ብል ይዘገያሉ። መዘግየት ይሻላል አልኩ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ፤ እንዲህ ብዬ የምጠይቅ ሴት ነኝ እኔ።

"እርስዎ ይነግሩኛል ብዬ ነዋ" አለች። ያኔ ነው ድምፅዋ የተሰበረው። "ዛሬ ነገ ይላሉ እያልኩ ሃምሳ ቀን ጠበቅሁ እማማ። ባለቤቴ 'ዝርክርክ' አለኝ። ልጄ ጓሮ ውስጥ ማደሪያ ሳጥብ አይታኛለች። እርስዎ ግን 'ደህና ዋልሽ' ብለው ያልፋሉ።"

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ፤ አጥብቃ፣ እንደተቆጣች። ለሐኪሙ ብቻ ልንገረው አልኳት። እሱም ቢሰማ ለሹሙ መጻፉ ግዴታው ነው አለችኝ። "ውሾቹ ከሄዱ በኋላ ይጻፉልኝ። ያን ጊዜ እቀበልዎታለሁ።" ከዚያ ዘጠኙን ገጽ አንስታ ማንበብ ጀመረች። "ክኒኑን በምን ነው የሚውጠው?" አለች።

በሕይወቴ የጻፍኩት ብቸኛው እውነተኛ ሰነድ እንደ ረቂቅ ተቀዶ ተወገደ። ደንቡ የእኔው ነው፣ ምን እላለሁ።

እሑድ፤ 7

ቤቱ ባዶ ነው። የቀሩት ሁለት ሳጥን፣ አንድ ሻንጣና እኛ ሦስታችን። ዳኛው ሻንጣውን ካየ ጀምሮ ከበሩ አይርቅም። ጎረቤቴ ሹፌሩ በአጥሩ ላይ አንድ አጥንት ወረወረላቸው፤ ለእኔም "ተይ አትቀየሚኝ" አለኝ። አልተቀየምኩህም አልኩት። ማንን ልቀየም።

ማክሰኞ፤ 5

አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመንገደኞች መጠበቂያ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ውሾቹን ጠዋት ቤቷ አደረስኳቸው፤ ታክሲው ደጅ እየጠበቀኝ። ሳጥኖቹን ማደሪያ እንዲሆኗቸው በረንዳው ሥር አስቀመጥናቸው። ዳኛውን አንገቱን አቀፍኩት፤ ልቡ በእጄ ሥር ይንደቀደቃል። ስልሳ ስድስት ቀን ቻል አድርግ አልኩት። ይግባኝ የቀሚሴን ጠርዝ ነክሳ ትጎትታለች፣ ትለቅና ትጮኻለች፣ ደግሞ ትነክሳለች። ባለማህተሟ አስለቀቀቻት። "ይሂዱ እማማ፤ በቆዩ ቁጥር ይብስባቸዋል" አለች። ሳመችኝ፤ ግን ዐይኔን አላየችም።

ታክሲው ውስጥ ገባሁ። ባለታክሲው ዞር ብሎ "ጨረሱ እናቴ?" አለኝ። ምንም አላሰብኩም።

"እንሂድ" አልኩት።

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ። የግቢው በር ክፍት፣ የታክሲው መስኮት ክፍት። ዳኛው ከተኛበት ተነሳ። እያሳለ ወደ ሳጥኑ ሄደና ገባ፣ ዞሮ ተኛ፣ አገጩን እግሩ ላይ አሳረፈ። ይግባኝ መጮኋን አቆመች። ወደ እኔ አየች፣ ወደ እሱ አየች፣ ከዚያ ሥጋ የያዘ ሰው ሳይኖር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳጥኗ ገብታ ተኛች።

ሁለቱም እንደተማሩት ሆነው፣ የሳጥኑ በር እስኪዘጋላቸውና እስኪጫኑ ይጠብቁኝ ነበር። ባለታክሲው መኪናውን አስነሳ።